ከዋናው መንገድ በስተግራ

ኅዳር 2007 ዓ.ም. ላይ በአንድ አሮጌ ሞተር ብቻዬን ከአዲስ አበባ እስከ ጽጽቃ ልሄድ ነው ስላቸው ጓደኞቼ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ጽጽቃ ደግሞ የት ነው?» ብለው ነበር። «ሰቆጣን አልፎ» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት ፊት አሳዩኝ። አንዱ «ያ ድርቅ ያለበት አይደል እንዴ?» አለ። ሌላዋ «ኧረ በጣም ሩቅ ነው፣ አብደሃል?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከእነሱ የተሻለ አላውቅም ነበር። ዋግ ማለት ለእኔ በዜና ላይ «እርዳታ» ከሚለው ቃል አጠገብ የሚሰማ ስም ነበር። መጻሕፍት ሳገላብጥ ግን ያው ስም ሌላ ቦታ ላይ፣ ከነገሥታትና ከነጋዴዎች ጎን ደጋግሞ መጣብኝ። አንድ አገር በ1800ዎቹ መጻሕፍት ውስጥ መሀል ላይ ተቀምጦ በእኔ ዘመን እንዴት ዳር ይወጣል? ይህ ጥያቄ ነው ሞተር ላይ ያስቀመጠኝ። (በእርግጥ ሞተር መንዳት መውደዴም አለ። ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቤተ መጻሕፍት ይበቃኝ ነበር።)

ሞተሯ ያማሃ ዲቲ 125 ናት፤ ከእኔ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት እግዜር ይወቀው። የሰፈሬ መካኒክ «ብቻህን ከሆንክ መካኒኩም አንተው ነህ» ብሎ ልይዘው የሚገባኝን ነገር ሁሉ አስጻፈኝ፤ ካንዴላ፣ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካቴና ዘይት። ስለ ፍሬንና ስለ ፍሪሲዮን መከረኝ፤ ቁልቁለት ላይ በማርሽ እንጂ በፍሬን ብቻ እንዳልወርድ አስጠነቀቀኝ። ማታ ወረቀቱን ሳየው ገረመኝ፤ አንዱም ቃል የኛ አይደለም፣ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን አምስት ዓመት ተቀምጦ ሄደ፤ ጋራዡ ውስጥ ግን ቋንቋው እስከ ዛሬ ቀርቷል። ሌላ ትቶት የሄደው ትልቁ ነገር ደግሞ በማግስቱ ጠዋት የወጣሁበት መንገድ ነበር።

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በደብረ ብርሃን በኩል የወጣ ሰው ጣርማበር ላይ ሲደርስ ተራራው አፉን ከፍቶ ይውጠዋል። ዋሻው ጣሊያኖች የፈለፈሉት ነው። እኔ ስገባ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ፍሬን መያዛቸውን እንኳ በዓይኔ እያየሁ ነበር የማረጋግጠው። ከዋሻው በኋላ ደብረ ሲና ድረስ መውረድ ብቻ ነው፤ ብርዱ በግማሽ ሰዓት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ደሴ አደርኩ። በማግስቱ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ወልዲያን፣ ቆቦን አለፍኩ። ውጫሌ ላይ ሻይ ጠጣሁ፤ ስለ እሷ ሌላ ቀን። ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላው ደርሶ ልጆች በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ አንዷ ድንጋይ ከሄልሜቴ ጎን ፉጨት እያሰማች አለፈች። ለወፍ የታሰበች እንደነበረች ማመን መርጫለሁ።

ከአላማጣ በኋላ መንገዱ ግራት ካሕሱ የሚባለውን ዳገት ይይዛል። እንደ ተጣለ ገመድ ተጠማዝዞ፣ ተጠማዝዞ ነው የሚወጣው። ከባድ መኪኖች እያቃሰቱ ሲወጡ ሞተር በመሀላቸው ትሾልካለች። ከላይ ሲደርሱ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ሜዳ ይከፈታል፤ ኮረም ነው።

ኮረም ስደርስ አንድ ነገር እየቆጠርኩ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከዚህ ሜዳ የተቀረጸ ዜና አሳየ። ቀራጩ ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ ዘጋቢው ማይክል በርክ ነበሩ። ያ ዜና ዓለምን ዞረ፤ ከዚያ ዘፈኑ መጣ፤ በሐምሌ ደግሞ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ያ ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ። እኔ ስቆም ልክ 30 ዓመት ሆኖት ነበር። ሜዳው ላይ ከብት ይግጣል። አንድ ልጅ ኳስ ያንከባልላል። ለማየት የሚሆን ነገር አልነበረም፤ እኔም ፎቶ ለማንሳት አፈርኩ።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ግን ይህን ነው። ለምን ኮረም? ረሃቡ ኮረም ላይ አልተወለደም። እዚህ ሜዳ ላይ ከተኙት ሰዎች ብዙዎቹ የመጡት ከዋግና ከላስታ፣ ከራያ ቀበሌዎችም ነው። ዋግ ያኔ የወሎ አውራጃ ነበር፤ ጦርነት ያለበትም አገር ነበር። ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ልጁን አዝሎ ኮረም ድረስ በእግሩ የመጣው ኮረም ዋናው መንገድ ላይ ስለሆነች ነው። እህሉ በመንገዱ ይመጣል፤ ሐኪሙ በመንገዱ ይመጣል፤ ካሜራውም እንደዚያው። ዓለም ያየው መንገዱ ድረስ መድረስ የቻለውን ሰው ነው። መንገድ ላይ የቀረውን ማንም አልቀረጸውም።

በማግስቱ ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጠፍኩ።

ከኮረም ወደ ሰቆጣ ያለው ያኔ ጠጠር ነበር። ጠጠር መንገድ ለሞተር ምን ማለት እንደሆነ ላልሞከራችሁ፦ የፊተኛው ጎማ የራሱ ሐሳብ አለው። ያዝ ስታደርጉት ይባስ ይንሸራተታል፤ እንደ በቅሎ ልጓሙን ላላ አድርጎ መተው ያስፈልጋል። አንድ ገደል ይታለፍና ሌላ ይመጣል፤ ጋራው ሁሉ በጠረጴዛ ቢላ የተቆረጠ ይመስል አናቱ ጠፍጣፋ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል ሁለት ኤፍኤስአርና አንድ የአህያ መንጋ ብቻ አገኘሁ።

ከዚያ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ካላማዳሪያውን እየለወጥኩ እያለ አንድ አዛውንት በትራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው መጡ፣ ሰላም አሉኝ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሥራዬን እንደ ዳኛ ይመለከቱ ጀመር።

«ብቻህን ነህ ልጄ?»

«አዎ አባ፣ ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻ መንገድ ጥሩ አይደለም። ጨው የሚያመጡት እንኳ ተጠባብቀው ነበር የሚሄዱት።»

አባታቸው ለጨው ይሄዱ እንደነበር ነገሩኝ። አህዮቹን ስንት ቀን እንደሚያስኬዱ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ዝናብ ቢመጣ ጨዉን በምን እንደሚሸፍኑ። እጃቸውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘርግተው መንገዱን በአየር ላይ ሣሉልኝ። እኔ ከያዝኩት መንገድ ጋር የሚገናኘው በጥቂቱ ነው። «ይሄ የመኪና ነው» አሉ ጠጠሩን በበትራቸው መታ አድርገው። ስለ ኮረም ጠየቅኋቸው። «ሄጃለሁ» አሉ፤ «በእግሬ፣ በዚሁ።» ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጎማውን ስነፋ ፓምፑን ተቀብለው ትንሽ አገዙኝ።

አሁን ወደ ጨዉ እንምጣ፤ ምክንያቱም የጠየቅኩት ጥያቄ መልስ ያለው እዚያ ነው።

ጨው ከአፋር ረባዳ ምድር እየተፈለጠ፣ አሞሌ ተብሎ በልክ እየተቆረጠ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። አሞሌ ወጥ ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን የዞረው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን አይቶ ጽፏል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድም አስተውሏል። ምንጩ አጠገብ በርካሽ የሚሸጠው ጨው ብዙ ተራራ ሲሻገር ወርቅ ይገዛል። እንግዲህ በዚህ ንግድ ውስጥ ሀብታም የሚሆነው በመንገዱ መሀል ላይ የተቀመጠው ነው። ሰቆጣ የተቀመጠችው እዚያ ነበር። ከትግራይ በኩል የሚመጣው ጨው ወደ ላስታና ወደ በጌምድር ከማለፉ በፊት የሚሸጥበትና የሚለወጥበት ትልቅ ገበያ ነበረች። በ1807 (እ.ኤ.አ.) ናትናኤል ፒርስ የሚባል ከመርከብ የወረደ እንግሊዛዊ ከትግራይ ተነሥቶ በዋግና በላስታ ሲያልፍ የሄደው ማንም ያልረገጠውን አገር ሊያገኝ አይደለም፤ ሰው በሚሄድበት መንገድ ነው።

መንገድ ባለበት ሥልጣን አለ። ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ዙፋኑን ከዛጉዌዎች ሲወስድ፣ ትውፊቱ እንደሚለው የዛጉዌ ዘሮች ዋግን ይዘው እንዲቀሩ ስምምነት ተደረገ። ዋግሹም የሚለው ማዕረግ ከዚያ መጣ ይባላል። ዋግሹም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት እንደነበረው ይነገራል። እንደዚህ ያለ መብት ዳር ላለ ሰው አይሰጥም። ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ባለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በሣጥን ውስጥ የደረቁ አስከሬኖች አሉ፤ የአገሩ ሰው የጥንት ሹማምንት ናቸው ይላል። ጨለማ ውስጥ በእጅ ባትሪ አየኋቸው፤ ብዙም አልቆየሁም።

ከዋግሹሞቹ አንዱ ንጉሠ ነገሥትም ሆኗል። ዋግሹም ጎበዜ አባቱን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ ሰቅለውበት ሸፈተ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ወደ መቅደላ ሲወርድ በዋግ ምሥራቃዊ ጫፍ አለፈ፤ ጎበዜም አላገደውም። ቴዎድሮስ ሲሞቱ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። ሦስት ዓመት ብቻ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በሚስቱ ወንድም በካሳ ምርጫ፣ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት ተሸነፈ። ትምህርት ቤት ውስጥ ከቴዎድሮስ ወደ ዮሐንስ ስንዘል የምንረሳው ንጉሥ እሱ ነው። ፈተና ላይ እንኳ አይመጣም።

እንግዲህ ሁለት መንገድ ነበረ። ምሥራቁ፣ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል የሚሄደው፣ ጦር የሚወርድበት፤ ሰቆጣ ላይ የሚያልፈው ደግሞ ጨው የሚሄድበት። አንዱ ሌላውን አያስቀርም ነበር፤ በቅሎና አህያ ሁለቱንም ይችላሉ። መኪና ግን ሁለቱን አይፈልግም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ጦርነት ተደረገ። ሲያፈገፍግ የነበረው ሠራዊታችን አሸንጌ ዳር በመርዝ ጋዝ ተቃጠለ። ጣሊያኖች አገሩን እንደያዙ መጀመሪያ የሮጡት ወደ መንገድ ነው፤ ያለ መንገድ ስንቅም ወታደርም ማንቀሳቀስ አይችሉም። ከአስመራ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በኮረም፣ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ ሠሩ። የጦሩን መስመር ተከተሉ፤ የጨዉን መስመር ተዉት። ዋግን ለመቅጣት አስበው ያደረጉት አይመስለኝም። የነገሩ ክፋት እሱ ነው፤ ማንም አላሰበባትም።

ዋግ ግን ዝም አላለችም። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ ተራሮች ጠላትን ሲወጉ ቆዩ። በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ፤ ጣሊያኖች ራሳቸውን ቆርጠው ለሕዝብ አሳዩ። ሰቆጣ ውስጥ ስማቸውን ያላነሳልኝ ትልቅ ሰው አልገጠመኝም። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ስንቱን ጠየቅኩ፤ ያወቃቸው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ጠላት ሲወጣ መንገዱ ቀረ። አውቶቡሱ፣ የስልክ ሽቦው፣ የነዳጅ ማደያው፣ ሆቴሉ እሱን ተከትሎ በቀለ። ሰቆጣ ባለችበት ነው ያለችው፤ አንድ ክንድ አልተንቀሳቀሰችም። ሩቅ ያደረጋት ተራራው አይደለም። ተራራውማ ጨዉ በሚያልፍበት ጊዜም ነበረ።

የሞተር ጉዞ ሲነሳ ሁሉም የሚጠራው ስም ቴድ ሳይመን ነው። እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው፤ መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. ከለንደን በትራየምፍ ሞተር ብቻውን ተነሥቶ አራት ዓመት ዓለምን ዞረ፤ መጽሐፉን ያነበቡ ስንት ሰዎች ሥራቸውን ጥለው ሞተር ገዝተዋል። በዚያው ዓመት ከሱዳን ገብቶ ኢትዮጵያን አቋርጧል፤ ሰቆጣን አላያትም፣ መንገዱ በዚያ አያልፍም። እሱ ከለንደን በተነሣ በ12ኛው ቀን፣ ጥቅምት 8፣ እዚያው እንግሊዝ አገር የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም በቴሌቪዥን ታየ። እኔ መጽሐፉን እወደዋለሁ። ብቻውን መሄዱ ሰው ላይ መደገፍን እንዳስተማረው አምናለሁ፤ ለእኔም እንደዚያ ነበርና። ግን ለብቻ ተራራ መሻገር የእንግዳ ጀብዱ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ጽጽቃ እስክደርስ።

ከሰቆጣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዝቋላ ወረዳ ሲወረድ (የደብረ ዘይቱ ዝቋላ ሌላ ነው) አየሩ ይለወጣል። ደጋው ከኋላ ይቀራል፤ ግራሩ ይበዛል፤ ሙቀቱ ከታች ከተከዜ በኩል ይመጣል። ጃኬቴን አውልቄ ከኋላ አሰርኩ። ጽጽቃ የወረዳው ከተማ ናት፤ ትንሽ፣ አቧራማ፣ ፍየል የበዛባት። ሰዉ እርስ በርሱ በኽምጣና ያወራል፤ እኔን ሲያይ ወደ አማርኛ ይዞራል። የኔ አማርኛ እንግዳ መሆኔን እየጮኸ ነበር የሚናገረው።

ሻይ ቤት በር ላይ ሞተሬን ሳቆም ሌላ ሞተር ቆማ አገኘሁ። የእኔዋ እህት ናት፤ ግን መስታወት የላትም፣ መቀመጫዋ በማዳበሪያ ጆንያ ተጠቅልሏል፣ ከኋላ የክትባት ሣጥን በላስቲክ ታስሮባታል። ባለቤቱ የጤና ባለሙያ ነው። ከየት እንደመጣሁ ነገርኩት፤ በኩራት ነው የነገርኩት፣ አልዋሽም። ሦስት ቀን፣ ብቻዬን፣ ግራት ካሕሱ፣ የተነፈሰ ጎማ።

ሁሉንም በጨዋነት ሰማኝ። «ጎበዝ» አለኝ። «ለምን ጉዳይ ነው?»

«እንዲሁ... አገር ለማየት።»

ትንሽ አሰበበት። እሱ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚወጣ ጠየቅኩት። በረዶው ከመቅለጡ በፊት መድረስ ያለበት ቀበሌ እንዳለ፣ ሞተር እስከምትችለው በሞተር፣ ከዚያ በኋላ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አድርጎ በእግሩ እንደሚሄድ ነገረኝ። ክረምት ሲሆን ወንዙ ይሞላል፤ ያኔ ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ እስኪጎድል ይጠብቃል። ይህን ሲያወራ ሻዩን እየጨረሰ ነበር። የእኔንም ከፈለ፣ «እንግዳ ነህ» ብሎ። ሞተሯን በእግሩ መታ፣ በሁለተኛው ተነሣች፤ ወደ ቁልቁለቱ ወረደ። አቧራው ግን ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ ቆየ።

ይህን የምጽፈው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። በመካከሉ ጦርነቱ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሰቆጣ ድረስ ገባ። ያ ጎማ የለወጥኩበት አካባቢ የጦር ሜዳ ሆነ። ከአበርገሌና ከሌሎች ወረዳዎች የተፈናቀሉ ሰዎች ሰቆጣ አጠገብ በሸራ ሥር ኖሩ። በ2016 ደግሞ ድርቁ ዝቋላን፣ ሰሃላ ሰየምትንና አበርገሌን መታ፤ ጽጽቃ የሚለውን ስም ከሄድኩበት ጊዜ ወዲህ የሰማሁት ያኔ ነው፤ በዜና ላይ፣ ያው ከሚያውቁት ቃል አጠገብ። ያ የጤና ባለሙያ የት እንዳለ አላውቅም። አዛውንቱንም።

ከጽጽቃ የምመለስበት ጠዋት ታንከሬ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ማደያ የለም። ከአንዲት ሱቅ ፊት ለፊት ቀይ ቤንዚን የተሞሉ የሃይላንድ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ይሸጣል። ሦስት አልኩት። በጨርቅ እያጠለለ ቀዳልኝ፣ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ዋጋውን ሲነግረኝ ሰቆጣ ላይ ከከፈልኩት ይበልጣል፤ ሰቆጣ ደግሞ ኮረም ላይ ከከፈልኩት በልጦ ነበር።

«ምነው ተወደደ?» አልኩት።

ባዶውን ጠርሙስ ከድኖ በሱሪው ጠረገና «መንገዱ ነዋ ጋሼ» አለኝ።